የባሕር ጠረፍ መመሪያ፣ የጀሞ ክሊኒክ

ከሳሪስ ተነስቶ በላፍቶና በኃይሌ ጋርመንት አድርጎ ጀሞ የሚገባ ሰው የጥርስ ክሊኒክ ታፔላ ሳያይ ብዙ መንገድ አይሄድም። አብዛኞቹ ክሊኒኮች ትንንሽ ናቸው፤ አንድ ወይም ሁለት ወንበር፣ አንድ ሐኪም፣ አንድ ረዳት፣ አንድ የጽዳት ሠራተኛ። ዕቃው ከውጭ ይመጣል፤ የዕቃው መመሪያም አብሮ ይመጣል። ይህን የምጽፈው እዚያ ለሚሠሩት የሙያ ባልደረቦች ሲሆን የምለውም በመሠረቱ አንድ ነገር ነው። በመመሪያው ላይ ያለው ቁጥር የተለካው በባሕር ጠረፍ፣ መብራትና ውኃ በማይቋረጥበት አገር ነው። እኛ የምንሠራው ከባሕር ወለል በላይ 2200 ሜትር ገደማ ላይ፣ መብራት ሳይታሰብ በሚጠፋበት፣ ውኃም በፈረቃ በሚመጣበት ክፍለ ከተማ ነው። ንፋስ ስልክ ላፍቶ ላይ በደኅና ለመሥራት ቁጥሩን ወደዚህ ከፍታ ማምጣት ያስፈልጋል።

ከኦቶክሌቩ እንጀምር፤ ብዙ ሰው ሳያውቀው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። በትንንሽ ክሊኒኮች የሚገኘው ክዳኑ በብሎን የሚታሰር፣ አናቱ ላይ የግፊት ጌጅ ያለው ዓይነት ነው። መመሪያው «15 ፒኤስአይ፣ 121 ዲግሪ» ይላል። ረዳቷ ቀስቱ 15 ላይ ሲደርስ ሰዓት መቁጠር ትጀምራለች። በባሕር ጠረፍ ቢሆን ልክ ናት። ነገር ግን ጌጁ የሚያሳየው ከውጭው አየር በላይ ያለውን ግፊት ብቻ ነው፤ የእኛ የውጭ አየር ግፊት ደግሞ የባሕር ጠረፉ ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ስለዚህ እዚህ ጀሞ ላይ ጌጁ 15 ሲል እንፋሎቱ ገና 117 ዲግሪ አካባቢ ነው። አራት ዲግሪ ትንሽ ይመስላል፤ የባክቴሪያ ስፖር ግን በዚያ ሙቀት እስኪሞት በ121 ዲግሪ ከሚፈጅበት ሁለት እጥፍ ተኩል የሚያህል ጊዜ ይወስዳል። ረዳቷ በመመሪያው ሰዓት ስታወጣው ዕቃው ሞቋል እንጂ ስቴሪል አልሆነም።

ማስተካከያው ከባድ አይደለም። በየ305 ሜትሩ ከፍታ ግማሽ ፒኤስአይ ይጨመራል፤ ለእኛ ሰፈር ሲሰላ ጌጁ ከ18 ተኩል እስከ 19 መድረስ አለበት ማለት ነው። ይህን ከማድረጋችሁ በፊት ግን በማሽኑ ገላ ላይ የተለጠፈውን ሰሌዳ አንብቡ፤ ከፍተኛው የተፈቀደ ግፊት ከዚህ በታች ከሆነ አታስጨንቁት፣ ይፈነዳል። እንዲህ ዓይነቱ ማሽን ለዚህ ከፍታ አልተሠራም፤ በጌጅ ሳይሆን በሙቀት መለኪያ የሚሠራ መግዛት ይሻላል። ሙቀት የሚለካው አውቶማቲክ ማሽን ያላችሁም ብትሆኑ ቴክኒሻኑ ሲመጣ «የከፍታ ማስተካከያው ተሞልቷል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁት። ሌላም አለ፦ ክዳኑ ተዘግቶ እንፋሎቱ መውጣት ሲጀምር አየሩ ተጠራርጎ እስኪያልቅ ቫልቩን ክፍት ማድረግ ያስፈልጋል። አየር ውስጡ ከቀረ ጌጁ ከፍ ይላል፣ ሙቀቱ ግን አይከተለውም።

በመጠቅለያው ላይ የሚለጠፈው ባለመስመር ቴፕ ብዙዎችን ያዘናጋል። መስመሩ ሲጠቁር የሚነግረን ጥቅሉ ለሙቀት መጋለጡን ብቻ ነው፤ በቂ ሙቀት ለበቂ ጊዜ ማግኘቱን አይነግረንም። ይህን የሚያረጋግጠው የስፖር ምርመራ ነው። ዓለም አቀፍ መመሪያዎች በሳምንት አንድ ጊዜ እንዲደረግ ይመክራሉ። ላቦራቶሪ ማግኘት ካስቸገረ ቢያንስ በጥቅሉ መካከል የሚገባውን ጊዜን፣ ሙቀትንና እንፋሎትን አብሮ የሚለካውን ኢንዲኬተር ተጠቀሙ፤ ውጤቱንም ከቀኑና ከፈረመው ሰው ስም ጋር በደብተር ላይ ለጥፉ። ያ ደብተር ለተቆጣጣሪ ብቻ የሚያዝ አይደለም፤ አንድ ታካሚ ኢንፌክሽን ይዞት ሲመለስ ወደ ኋላ ሄዳችሁ የምታዩት እሱን ነው።

ደረቅ ሙቀት ኦቨን የምትጠቀሙ ከፍታው አያሳስባችሁም፤ 160 ዲግሪ ለሁለት ሰዓት ወይም 170 ዲግሪ ለአንድ ሰዓት እዚህም ያው ነው። የሚያሳስባችሁ መብራቱ ነው። በአንድ ሰዓት ተኩል ላይ ከጠፋ፣ ሲመለስ የቀረውን ግማሽ ሰዓት መጨረስ አይበቃም፤ ሁለቱ ሰዓት እንደ አዲስ ይቆጠራል። ማታ ከመውጣታችሁ በፊት ኦቨኑን አብርታችሁ ሄዳችሁ ጠዋት ዕቃውን የምታወጡ ከሆነ ሌሊት መብራት መጥፋቱን በምን ታውቃላችሁ? ዕቃው የሚሞቀው ሰው ባለበት ሰዓት ይሁን። መቀቀል ደግሞ ከናካቴው ይቅር። ውኃ እዚህ የሚፈላው 92 ወይም 93 ዲግሪ ላይ ነው፤ ድሮም ስፖር የማይገድለው ማፍላት በዚህ ከፍታ የባሰ ደካማ ነው።

ሃንድፒስ በአልኮል ተጠርጎ ለሚቀጥለው ታካሚ መግባት የለበትም። በውስጡ ምራቅና ደም ስቦ ይይዛል፤ የሚጸዳውም በእንፋሎት ብቻ ነው። አንድ ኦቶክሌቭ ከማሞቅ እስከ ማድረቅ አንድ ሰዓት ያህል ስለሚፈጅበት፣ በአንድ ወንበር የሚሠራ ሐኪም በእኔ ግምት ቢያንስ አራት ሃንድፒስ ያስፈልገዋል። አዲስ ወንበር ለመግዛት የምታስቡ ከሆነ ገንዘቡን አስቀድማችሁ እዚህ ላይ አውሉት።

ወደ ውኃው ስንመጣ፣ የጥርስ ወንበሩ ቀጫጭን ቱቦዎች ውኃ አቁረው ስለሚያድሩ ውስጣቸው በባክቴሪያ ሽፋን ይለበጣል። በካሊፎርኒያ አናሃይም ከተማ እ.ኤ.አ. በ2016 የወተት ጥርሳቸው ሥር የታከመላቸው በርካታ ሕፃናት ከወንበሩ ውኃ በመጣ ማይኮባክቴሪየም ታመው መንጋጋቸው በቀዶ ጥገና መከፈት ነበረበት። ያ ከቧንቧ በቀጥታ ውኃ በሚያገኝ ከተማ የሆነ ነው። እኛ ዘንድ ውኃው በፈረቃ መጥቶ ሮቶ ውስጥ ቀናት ተቀምጦ፣ ፀሐይ አሙቆት ነው ወንበሩ ጋ የሚደርሰው። ስለዚህ ወንበሩን ከሮቶው አላቁት፤ የራሱ ጠርሙስ ያለው ይሁን፤ ጠርሙሱም ማታ ተደፍቶ፣ ቱቦው በአየር ተነፍቶ ደርቆ ይደር። ጠዋት ለጥቂት ደቂቃ፣ በታካሚና በታካሚ መካከል ከ20 እስከ 30 ሴኮንድ ውኃው ይፍሰስ። አጥንት የምትነኩበት ሥራ ላይ ግን የወንበሩን ውኃ ጨርሶ አትጠቀሙ፤ ስቴሪል ሳላይን በሲሪንጅ ይሁን። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል በመደበኛ ሥራ ለወንበር ውኃ ያስቀመጠው ጣሪያ በአንድ ሚሊ ሊትር 500 የባክቴሪያ ኮሎኒ ነው።

ማደንዘዣ ላይ ረዘም አድርጌ እቆማለሁ፤ ሰው የሚሞትበት ቦታ ይህ ስለሆነ።

ሁለት ከመቶ ሊዶኬይን በአንድ ሚሊ ሊትር 20 ሚሊ ግራም ይይዛል፤ 1.8 ሚሊ ሊትር ያለው አንድ ካርትሪጅ 36 ሚሊ ግራም ነው። ለሕፃን ጥንቃቄ ያለበት ጣሪያ በኪሎ 4.4 ሚሊ ግራም ነው። 15 ኪሎ የሚመዝን ልጅ እንግዲህ ከ66 ሚሊ ግራም በላይ አይወስድም፤ ይህም ሁለት ካርትሪጅ አይሞላም። ከብልቃጥ በሲሪንጅ የምትቀዱ ከሆነ 3.3 ሚሊ ሊትር ላይ ትቆማላችሁ። ይህን የሚያውቅ ሐኪም ብዙ ነው፤ ልጁን የሚመዝን ግን ጥቂት ነው። ሚዛን ርካሽ ነው፤ በሩ አጠገብ አስቀምጡ፣ ክብደቱም ከስሙ ቀጥሎ በካርዱ ላይ ይጻፍ። መርፌውን ከመግፋታችሁ በፊት ሳብ አድርጋችሁ ደም አለመምጣቱን እዩ፤ ቀስ ብላችሁ ግፉ። ከአንድ ብልቃጥ ለብዙ ታካሚ የምትቀዱ ደግሞ ሁልጊዜ በአዲስ መርፌና በአዲስ ሲሪንጅ ቅዱ።

ታካሚን መጠየቅ የራሱ ብልሃት አለው። «መድኃኒት ይወስዳሉ?» ሲባሉ «አልወስድም ልጄ» ያሉ እናት፣ «የግፊት ኪኒንስ፣ እማማ?» ሲባሉ «እሱማ የየዕለቱ ነው» ይላሉ። ስለዚህ ግፊትን፣ ስኳርን፣ ልብን፣ አስምን፣ ደም የሚያቀጥን ኪኒንን በስማቸው እየጠራችሁ ጠይቁ። ግፊቱን ደግሞ ራሳችሁ ለኩ፤ ከ180/110 በላይ ከሆነ አጣዳፊ ያልሆነ ሥራ ይቆይ። ልብ ሕመም ላለበት ሰው በአንድ ጊዜ የሚሰጠው አድሬናሊን ከ0.04 ሚሊ ግራም አይለፍ፤ 1 ለ100,000 በሆነው ማደንዘዣ ሁለት ካርትሪጅ ማለት ነው። ጫትም ይጠየቅ፣ ሳትፈርዱበት፣ እንደ ማንኛውም የሕክምና ጥያቄ። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የልብ ምትንና ግፊትን ለሰዓታት ከፍ ያደርጋል፤ አድሬናሊን ያለው መርፌ በላዩ ሲጨመር ልብ ላይ ሸክም ይደራረባል። ከሰዓት በኋላ ቅሞ የመጣን ሰው ለነገ ጠዋት መቅጠር ነውር የለውም።

ጾምም እንዲሁ። በሁዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙ፣ በረመዳንም ቀኑን ሙሉ የሚጾሙ ታካሚዎች በባዶ ሆድ መርፌ ሲወጉ ራሳቸውን ይስታሉ፤ የስኳር ሕመምተኛ ከሆኑ አደጋው ይብሳል። ሊቆይ የሚችለውን ሥራ ካፈጠሩ በኋላ ቅጠሩት፤ የማይቆይ ከሆነ ወንበሩን አስተኝታችሁ ሥሩ፣ አርባ ከመቶ ግሉኮስ በእጃችሁ ይሁን።

ወላጆች አሁን አሁን «ልጄን አስተኝታችሁ ሥሩልኝ» ይላሉ። የማረጋጊያ ሕክምናን፣ ሴዴሽን የሚሉትን፣ በውጭ አገር ቪዲዮ አይተውታል። ነገሩ ጥሩ ነው፤ የሚፈራ ልጅ እየተያዘ መሠራት የለበትም። ግን ማረጋጋት፣ መካከለኛ እንቅልፍ፣ ጥልቅ እንቅልፍና ሙሉ ማደንዘዣ በግንብ የተለያዩ ክፍሎች አይደሉም፤ ሰው ሳይታሰብ ከአንዱ ወደ ሌላው ይንሸራተታል፣ ሕፃን ደግሞ ፈጥኖ። በዓለም ዙሪያ የተያዘው ደንብ ይህ ነው፦ ታካሚውን ካሰባችሁት አንድ ደረጃ ጠልቆ ቢወርድ ማዳን የማትችሉ ከሆነ አትጀምሩ። ጥርሱን የሚሠራው ሰው እስትንፋሱን የሚጠብቀው ሰው መሆን አይችልም። በአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞችና የሕፃናት ጥርስ ሐኪሞች ማኅበራት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጡት መመሪያ፣ በክሊኒክ ውስጥ ለሚደረግ ጥልቅ እንቅልፍ ከጥርስ ሐኪሙ በተጨማሪ በሕፃናት ነፍስ ማዳን የሠለጠነ የማደንዘዣ ባለሙያ እንዲኖር ያዛሉ፤ ጥርስ ሐኪሙም ራሱ በዚያው መሠልጠን አለበት። እንግሊዞች ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2001 መጨረሻ ጀምሮ ለጥርስ ሙሉ ማደንዘዣ ከሆስፒታል ውጭ እንዳይሰጥ አድርገዋል።

በእኛ ከፍታ ላይ ሁለት ነገር ይጨመራል። የመጀመሪያው ኦክሲጅን ነው። ጣት ላይ የሚሰካው ኦክሲሜትር በባሕር ጠረፍ ጤናማ ሰው ላይ 98 ወይም 99 ያሳያል፤ እዚህ ጤናማ ሰው 93 ወይም 94 ሊያሳይ ይችላል። ይህ ማለት መነሻችን ራሱ ወደ ቁልቁለቱ ጠርዝ ቀርቧል፤ ትንፋሽ ሲቋረጥ ቁጥሩ ፈጥኖ ይወድቃል። ማንኛውንም መድኃኒት ከመስጠታችሁ በፊት የታካሚውን መነሻ ቁጥር መዝግቡ፣ ያለዚያ 91 ሲል ምን ያህል እንደወረደ አታውቁም። መሣሪያው ራሱ ደግሞ በጥቁር ቆዳ ላይ ያጋንናል። እ.ኤ.አ. በ2020 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን የወጣ የአሜሪካ ጥናት፣ ኦክሲሜትሩ ከ92 እስከ 96 እያሳየ በደም ያለው ኦክሲጅን ግን ከ88 በታች የሆነባቸው ልኬቶች በጥቁሮች ዘንድ 11.7 ከመቶ፣ በነጮች ዘንድ 3.6 ከመቶ መሆናቸውን አሳይቷል። በእንሶስላ ወይም በጥፍር ቀለም የተቀባ ጣት ላይም አትመኑት። ዓይናችሁ ከደረቱ አይነሳ፤ ደረቱ ከፍ ዝቅ ይላል ወይ? ኦክሲሜትሩ የሚጮኸው ትንፋሽ ከቆመ ቆይቶ ነው።

ሁለተኛው ናይትረስ ኦክሳይድ ነው። የሐርትፎርዱ የጥርስ ሐኪም ሆራስ ዌልስ እ.ኤ.አ. በ1844 በራሱ ጥርስ ላይ ከሞከረው ወዲህ ይህ ጋዝ የጥርስ ሐኪም ወዳጅ ነው፤ ቶሎ ይይዛል፣ ቶሎም ይለቃል። ነገር ግን ኃይሉ የሚለካው በግፊቱ እንጂ በመቶኛው አይደለም። ማሽኑ 50 ከመቶ ሲያሳይ በእኛ አየር ውስጥ የሚሰጠው ኃይል በባሕር ጠረፍ 38 ከመቶ ከሚሰጠው ጋር እኩል ነው። ሐኪሙ «አልያዘም» ብሎ መጠኑን ከፍ ሲያደርግ የሚቀንሰው ኦክሲጅኑን ነው፤ ያንኑ አስቀድሞም የሳሳውን። ማሽኑን ለማስገባት የምታስቡ ኦክሲጅን ከ30 ከመቶ በታች እንዳይወርድ የሚቆልፍ መሆኑን፣ የተነፈሰውን ጋዝ ወደ ውጭ የሚያወጣ ቱቦ እንዳለው ሳታረጋግጡ አትግዙ። በአንድ ጠባብ ክፍል ቀኑን ሙሉ የምትውለው ረዳት ነፍሰ ጡር ልትሆን ትችላለች።

የእኔ ፍርድ ይህ ነው። አንድ ሐኪምና አንድ ረዳት ያለው ክሊኒክ የአካባቢ ማደንዘዣን በደንብ ይስጥ፤ ለልጁ ጊዜ ይስጠው፣ ዕቃውን ያሳየው፣ እናቱ አጠገቡ ትሁን፤ ያ ካልበቃ የማደንዘዣ ባለሙያ ወዳለበት ሆስፒታል ይላከው። ሚዳዞላም ሰጥቶ ብቻውን የሚሠራ ሐኪም ደፋር ሊባል ይችል ይሆናል፤ እኔ ግን ልጄን አልሰጠውም።

ለማንኛውም ቀን በእጅ መኖር ያለበት ጥቂት ነው፦ የሞላ ኦክሲጅን፣ የሕፃንና የአዋቂ አምቡ ባግ፣ አድሬናሊን፣ ግሉኮስ፣ አስፕሪን፣ የአስም መንፊያ። የአለርጂ ድንጋጤ ለገጠመው አዋቂ ግማሽ ሚሊ ግራም አድሬናሊን ጭኑ ላይ በጡንቻ ይወጋል። የኦክሲጅን ሲሊንደሩን ቁልፍ በገመድ ከሲሊንደሩ አንገት ጋር እሰሩት። ሲሊንደሩ ሞልቶ፣ መክፈቻው ግን በሌላ ክፍል መሳቢያ ውስጥ ከሆነ ሲሊንደር የለም ማለት ነው።

ስለ መሙያው አጠር ላድርግ። አማልጋም ግማሽ ክብደቱ ሜርኩሪ ነው። ሜርኩሪን የሚገድበው የሚናማታ ስምምነት አባል አገሮች እ.ኤ.አ. በ2022 ከ15 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች፣ ለነፍሰ ጡሮችና ለሚያጠቡ እናቶች ሐኪሙ የግድ ነው ካላለ በቀር እንዳይሰጥ ወሰኑ፤ በኖቬምበር 2025 ደግሞ እስከ 2034 ጨርሶ እንዲቀር ተስማሙ። ያለ ምክንያት ግን አፍ ውስጥ ያለውን ደህና አማልጋም አታውጡ፤ ሜርኩሪው በብዛት የሚተንነው ሲፈለፈል ነው። ያወጣችሁት ቁርጥራጭ በተከደነ ዕቃ ይቀመጥ እንጂ ከሚቃጠል ቆሻሻ ጋር አይሂድ።

«ነጩን አድርጊልኝ» ለሚለው ታካሚ ደግሞ እውነቱን ንገሩት። የኮክሬን ገምጋሚዎች እንዳገኙት የኋላ ጥርስ ላይ የተሞላ ኮምፖዚት ከአማልጋም ሁለት እጥፍ በሚጠጋ መጠን ይበላሻል። ኮምፖዚት ደረቅ ቦታ ይፈልጋል፤ ከሁለት ሚሊ ሜትር ባልበለጠ ድርብ እየተሞላ እያንዳንዱ ድርብ በብርሃን መድረቅ አለበት። የባትሪ መብራቱ ሲደክም ላዩ ይደርቃል፣ ውስጡ ልስልስ ይቀራል፤ ታካሚውም በዓመቱ እያመመው ይመጣል። የመብራቱን ኃይል በመለኪያ በየወሩ ፈትሹ። ከወንጂ፣ ከመቂ፣ ከዝዋይ የመጣ ፍሎራይድ ጥርሱን ያጠቆረው ታካሚ ላይ ማጣበቂያው እንደ ሌላው ጥርስ አይዝም፤ ቀድሞ መንገር ይገባል። ለልጆችና እርጥበት ለማይለቀው ቦታ ግላስ አዮኖመር ይሻላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል፤ በ1980ዎቹ ታንዛኒያ ውስጥ ያለ ድሪል፣ ያለ መብራት በእጅ መሣሪያ ጥርስ መጥረግና መሙላት ሲጀመርም ኋላ የተመረጠው መሙያ እሱ ነው። መብራት በሌለበት ቀንም መሥራት ያስችላችኋል። ማንኛውንም መሙያ የምትገዙት በምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ከተመዘገበ አስመጪ፣ በደረሰኝ፣ የሚያበቃበት ቀን ከታየ በኋላ ይሁን፤ የሕክምና መሣሪያም በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ሥር ነው።

የመጨረሻው ነገር ስለ ራሳችሁና አብረዋችሁ ስለሚሠሩት ነው። በኢትዮጵያ የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ለሕፃናት በመደበኛነት መሰጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው፤ ዛሬ በክሊኒክ ውስጥ የምንሠራው አብዛኞቻችን በልጅነታችን አላገኘነውም። ያልተከተበ ሰው የሄፓታይተስ ቢ ሕመምተኛ ደም በነካ መርፌ ሲወጋ በሽታው የሚይዘው ዕድል ከ6 እስከ 30 ከመቶ ይደርሳል፤ በኤች አይ ቪ ግን 0.3 ከመቶ ነው። ክትባቱ ሦስት ጊዜ ነው፦ ዛሬ፣ ከአንድ ወር በኋላና በስድስተኛው ወር። ከመጨረሻው መርፌ በአንድ ወይም በሁለት ወር ውስጥ ደም ተመርምሮ መከላከያው መፈጠሩ ይረጋገጣል። ሐኪሞች ብዙ ጊዜ ራሳቸውን ያስከትባሉ። መርፌውን የምትሰበስበው ረዳትና ቆሻሻውን የምታወጣው የጽዳት ሠራተኛ ግን ይረሳሉ፤ መርፌ ግን እነሱንም ይወጋል። የክሊኒክ ባለቤት የሆናችሁ፣ የእነሱን ሦስቱን ክትባት ከክሊኒኩ ወጪ ክፈሉ፤ በዚህ ወር ጀምሩ።